ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያና ለድውያን የሠራት አዲስ ከተማ

በቤተ ክርስቲያናችን ከሚቀደሱት ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራ፥ የዕረፍቱም መታሰቢያ ጥር 6 ቀን ከግዝረተ ክርስቶስ በዓል ጋራ የሚውል ቅዱስ ባስልዮስ፥ በሊቅነቱና በሃይማኖት ተጋዳይነቱ የታወቀ ነው። አርዮሳውያንን እንደ ተከራከረ፥ ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት እንደ ጻፈ፥ ለመነኮሳትም ሥርዓት እንደ ሠራ ካህናት ሁሉ ይናገራሉ። ነገር ግን ይህ አባት በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለምጻሞች፥ አካላቸው የጐደለና ረዳት ያጡ ሰዎች ከሐኪሞቻቸውና ከአስታማሚዎቻቸው ጋራ የሚኖሩበትን ሰፈር መሥራቱን፥ ስለዚሁም ሥራ በአገረ ገዥ ፊት መከሰሱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ይልቁንም ይህ የሕይወቱ ክፍል ነው፤ ዓመታቱም የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ባስልዮስ በ330 ዓ. ም. ገደማ፥ ዛሬ የቱርክ ግዛት በሆነችው በታናሽቱ እስያ ተወለደ። ወገኖቹ በቀጰዶቅያና በጳንጦስ ርስት የነበራቸው ባለጠጎች ነበሩ። አባቱም እንደ ልጁ ባስልዮስ ይባል ነበር፤ በጳንጦስ የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ። እናቱ ኤምሜልያ ናት። የእናቱ አባት በንጉሥ ቍጣ ተገድሎ ርስቱ ለሌሎች ተከፋፈለ፤ የአባቱ ወላጆችም በስደት ዘመን ቤታቸውን ጥለው ሰባት ዓመት ያህል በጳንጦስ ተራራዎችና ጫካዎች ውስጥ ተቅበዘበዙ። አያቱ መቅሪና ከዚያ ስደት ተርፋ ሕፃኑን ባስልዮስን በእጇ አሳደገችው፤ የጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራትንም ትምህርት ከጡት ጋራ አጠጣችው ማለት ይቻላል። ቤት አልባ መሆን ምን እንደ ሆነ በዚያ ቤት በወሬ ሳይሆን በኑሮ የሚታወቅ ነገር ነበረ።

አባቱ በሞተ ጊዜ ኤምሜልያ ከአራት ወንዶችና ከአምስት ሴቶች ልጆች ጋራ ቀረች። ርስቷ በሦስት አገረ ገዥዎች ግዛት ተበትኖ ነበርና ግብሩን ለሦስቱም መክፈል ነበረባት። በዚህ ጊዜ የቤቱ ምሰሶ የሆነችው የመጀመሪያ ልጇ፥ በአያቷ ስም የተጠራችው መቅሪና ናት። በ12 ዓመቷ ታጭታ እጮኛዋ ስለ ሞተባት ሌላ ማግባትን እንቢ ብላ ከእናቷ ሳትለይ ኖረች፤ ታናናሾቿንም አስተማረች። ከዚያ በኋላ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ አኒሳ በሚባለው ርስታቸው ተቀምጠው ሳሉ፥ እናቷ የእመቤትነትን ኑሮ እንድትተው፥ ከገረዶቿም ጋራ በአንድ ማዕድ እንድትበላና እንደ እኅቶች እንድታያቸው መከረቻት፤ እናቲቱም እሺ አለች። ጌታና ሎሌ በአንድ ማዕድ መቅረብ እንደ ውርደት በሚቈጠርበት ዘመን ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ቤቱ ቤት መሆኑን ሳይተው ማኅበር ሆነ።

ከወንድሞቹም ናውቅራጥዮስ የሚባለው መልኩ ያማረ፥ ጕልበቱ የበረታ፥ በንግግርም የተመሰገነ ጐልማሳ ነበረ። በ22 ዓመቱ ግን የአደባባዩን ክብር ሁሉ ትቶ፥ ክርሳፍዮስ ከሚባለው ታማኝ አገልጋዩ ጋራ ወደ ኢሪስ ወንዝ ዳር ጫካ ገባ። የገባው ግን ለብቻው ለመጸለይ ብቻ አልነበረም። በዚያ አገር ድህነትና ደዌ የተጫናቸው ሽማግሎች ነበሩና እነርሱን ማስታመምና መመገብ የራሱ ሥራ አደረገ። አደን ያውቅ ስለ ነበር በየቀኑ አድኖ ያበላቸው ነበር። አምስት ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ አንድ ቀን ምግባቸውን ሊፈልግ እንደ ወጣ በድንገት ሞተ፤ አገልጋዩም አብሮት ሞተ። የሞቱበት ስፍራ ከእናቱ ቤት የሦስት ቀን መንገድ ነበረ፤ መርዶውን በሰማች ጊዜ እናቱ ራሷን ስታ ወደቀች፥ ያነሣቻትና ያጸናቻትም መቅሪና ነበረች። ስለ ናውቅራጥዮስ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ በስሙም የተሠራ ትልቅ ነገር የለም። ሆኖም ከታላቅ ወንድሙ ሥራ በፊት በዚያ ቤተ ሰብ መካከል ለደካሞች ኑሮውን የሰጠ እርሱ ስለ ሆነ ሊታለፍ አይገባውም።

ባስልዮስ ግን በዚህ ጊዜ ሩቅ ነበረ። በቂሣርያና በቍስጥንጥንያ ከተማረ በኋላ ወደ አቴና ሄዶ ብዙ ዓመት ተቀመጠ፤ ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም ጋራ የልብ ወዳጅነት የጀመረው በዚያ ነው። ሰዋስው፥ ንግግር፥ ፍልስፍና፥ የከዋክብትና የቍጥር ትምህርት ተማረ። ሕክምናን ደግሞ ተማረ፤ ይህን ለመማር ያነሣሣውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰውነቱ ደካማና በሽተኛ መሆኑ ነው። የሐኪሞችን ነገር የፈለገው ለራሱ ሕመም ሲል ነበረና፥ በኋላ ለሌሎች የሚጠቅም ጥበብ ሆነለት።

በ355 ዓ. ም. ገደማ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ በትምህርቱ ተመክቶ፥ በአገሩ ያሉትን መኳንንት ሁሉ ንቆ ነበር። እኅቱ መቅሪና ሳታፍርና ሳትፈራ ገሠጸችው፤ ወንድማቸው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ይህን ሳይሸሽግ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ተጠመቀ፤ ወደ ግብፅ፥ ወደ ፍልስጥኤም፥ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ሄዶ የመነኮሳትን ኑሮ ተመለከተ። ተመልሶም በእናቱና በእኅቱ መኖሪያ ፊት ለፊት፥ ከወንዙ ማዶ ተቀመጠ። ብቸኝነትን ቢወድም ብሕትውናን ከማኅበር ኑሮ በላይ አላደረገም፤ ለብቻው የሚኖር ሰው እግሩን የሚያጥብለት ባልንጀራ እንደሌለው፥ ትሕትናውንም የሚያሳይበት ሰው እንደማያገኝ ለመነኮሳቱ አስተማረ።

በዚህ ዘመን መምህር አድርጎ የተከተለው የሰብስጥያውን ኤጲስ ቆጶስ ኤዎስጣቴዎስን ነበረ፤ ይህም ከእኛው አገር ጻድቅ ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሌላ ነው። ሰብስጥያዊው ኤዎስጣቴዎስ በከተማው ነዳያንና ድውያን የሚጠለሉበትን ቤት ሠርቶ ነበር። በኋላ ስለ መንፈስ ቅዱስ በተነሣው ክርክር ከባስልዮስ ተለየ፤ መለያየታቸውም እጅግ መራራ ነበረ። ባስልዮስ በሃይማኖት ሲለየው ከእርሱ ያየውን የነዳያን ቤት ግን አልጣለም። መልካም ሥራ ከማን እንደ ተማሩት ሳይሆን ለማን እንደሚጠቅም ተመርምሮ ሊያዝ እንደሚገባው እንዲህ ያለው ታሪክ ያስረዳል።

ቅስናን ተቀብሎ በቂሣርያ ሲያገለግል በ368ና በ369 ዓ. ም. በቀጰዶቅያ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ክረምቱ ያለ በረዶና ያለ ዝናም አለፈ፤ ምድሩ ተሰነጠቀ፤ ምንጮች ደረቁ። በባሕር አጠገብ ያሉ አገሮች እህል በመርከብ ያገባሉ፤ ቂሣርያ ግን ከባሕር የራቀች ደጋ ስለ ሆነች ከሌላ የሚመጣላት አልነበረም። ጐተራ የነበራቸው ባለጠጎች ዋጋው እስኪወጣ ድረስ ደጃቸውን ዘጉ። ባስልዮስ በዚያ ወራት የሰበካቸው ስብከቶች እስከ ዛሬ አሉ፤ ከእነርሱም በአንዱ ውስጥ አንድ አባት ከልጆቹ የትኛውን ሽጦ የቀሩትን እንደሚያበላ ሲጨነቅ ያለውን ነገር፥ ሰሚው ሊሸሽ በማይችልበት አኳኋን ዘርዝሮ ገልጦታል። በቃሉም ጐተራዎች ተከፈቱ።

በቃልም ብቻ አላበቃም። ከአባቱ የወረሰውን ገንዘብ አውጥቶ ሰጠ። የተራቡትን፥ ወንዶችንና ሴቶችን፥ ሕፃናትንና ሽማግሎችን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ የአተር ወጥና በጨው የተያዘ ሥጋ በትላልቅ ድስት አስቀቀለ፤ እርሱም ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ከአገልጋዮቹ ጋራ ቆሞ አቀረበላቸው፥ እግራቸውንም አጠበ። እኅቱ መቅሪናም በአኒሳ በረኃብ ዘመን በየመንገዱ የወደቁትን ሴቶች ልጆች አንሥታ በቤቷ አሳደገቻቸው፤ እነርሱም እስከ ሞቷ ድረስ እናት ይሏት ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ጴጥሮስ ወደዚያው የሚጐርፈውን የተራበ ሕዝብ በመገበ ጊዜ፥ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ምድረ በዳው ከተማ መሰለ። ቂሣርያና አኒሳ ብዙ ቢራራቁም ሥራው አንድ የቤተ ሰብ ሥራ ነበረ።

ረኃቡ አለፈ፤ ነገር ግን ከረኃብ በኋላም ወደ ቤታቸው የማይመለሱ፥ የሚመለሱበትም ቤት የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ባስልዮስ በ370 ዓ. ም. የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ሲሾም ይህ ነገር በፊቱ ቆመ። በምርጫው ቀን የወዳጁ የጎርጎርዮስ አባት፥ ሸምግሎና ታምሞ ለሞት የቀረበው ኤጲስ ቆጶስ፥ ድምፁን ለመስጠት በአልጋ ተሸክመውት መጥቶ ነበር። አልጋ ላይ ያለ ሰው አይረባም የሚል ቢኖር ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ባስልዮስን ባላገኘችው ነበር።

በዚያ ዘመን ከድውያን ሁሉ ይልቅ የተጣሉት ለምጻሞች ነበሩ። ደዌው ጣታቸውንና እግራቸውን፥ ፊታቸውንና ድምፃቸውን ያጠፋ ነበር። ሁለቱ ጎርጎርዮሶች ስለ እነርሱ ከሰበኩት እንደሚታየው፥ መከራቸው ከሥጋቸው ይልቅ በቤታቸው ይጀምር ነበር። እናት የወለደችውን ልጅ ልታቅፍ እየወደደች ትፈራዋለች፤ በሕይወት ሳለ እንደ ሙት ታለቅስለታለች። አባት የዐይኑ ብርሃን የነበረውን ልጅ ከደጁ ያስወጣዋል፥ ከዚያም ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ከቤት የወጣውም ከከተማ ይባረራል፤ ከገበያ፥ ከጕባኤ፥ ከማዕድ፥ ከመንገድም ይከለከላል። ከሁሉም የከፋው ውሃ ነው፤ ያረክሱታል ተብለው ከምንጩና ከወንዙ ይመለሱ ነበር። ወንበዴ ከሚገባበት የእነርሱ መግባት የተከለከለ ነበር። ስለዚህ እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ በየበዓሉ ቦታ ይወድቃሉ፤ የጐደለውን አካላቸውን እያሳዩ የሚያሳዝን ዜማ ያዜማሉ፤ ሰውም ወይ ሳንቲም ይጥልላቸዋል ወይም ፊቱን ያዞራል። ሰው በሰውነቱ ሳይሆን በጕድለቱ ይኖር ዘንድ መገደዱ እጅግ የከበደ ነገር ነው።

ባስልዮስ ያደረገው ለእነዚህ ሰዎች ምጽዋቱን ማብዛት አልነበረም። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ የሚኖሩበትን ስፍራ ሠራላቸው። በመካከሉ ያማረ የጸሎት ቤት ነበረ። በዙሪያው በየማዕርጋቸው የካህናት ቤቶች ነበሩ፤ የኤጲስ ቆጶሱም መኖሪያ በዚያው ነበረ። ከእነዚህ ቀጥሎ ለእንግዶችና ለመንገደኞች ማደሪያ፥ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ድውያን ቤት፥ ለአስታማሚዎችና ለሐኪሞች ስፍራ ተዘጋጀ። ድውዩን የሚያጓጕዙ የጭነት ከብቶችና የሚሸኙ ሰዎችም ነበሩ። ለኑሮ የሚያስፈልገውና ኑሮን የሚያሳምረው የእጅ ሥራ ሁሉ የሚሠራባቸው ቤቶችም ተሠሩ። ባስልዮስ ራሱ ይህን ሁሉ በ372 ዓ. ም. ገደማ ለአገረ ገዥው ለኤልያስ በጻፈው ደብዳቤ ዘርዝሮታል። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም ስፍራውን አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው፤ ሕዝቡ ግን በሠሪው ስም ባስልያስ ይለው ጀመር።

ከከተማው ቅጥር ውጭ መሠራቱን አይቶ፥ ባስልዮስም እንደ ሌሎቹ ድውያንን ከከተማ አራቀ የሚል ሊኖር ይችላል። ነገሩ ግን ባሕርዩ ሌላ ነው። የሚያርቅ ሰው ራሱ አብሮ አይሄድም፤ እርሱ ግን መንበሩን ወደ እነርሱ አወጣ። ወደ እርሱ ጉዳይ ያለው መኰንንም ሆነ መንገደኛ ለምጻሞቹ ባሉበት ሰፈር መድረስ ነበረበት፤ የአገረ ገዥውም ማረፊያ በዚያው እንዲሆን ታስቦ ነበር። ባስልዮስ ራሱ ከባለጠጋ ወገን ተወልዶ ሳለ ለምጻሞቹን እንደ ወንድሞች ያቅፍና ይስማቸው ነበር፤ ጎርጎርዮስ እንደ መሰከረው ይህን ያደርግ የነበረው ለታይታ ሳይሆን፥ ወደ ሰውነታቸው ለመቅረብ የሚፈሩት ሌሎች እንዲማሩ ነበረ። ሐኪሙ፥ አናጢው፥ ካህኑ፥ መንገደኛውና ድውዩ በአንድ ደጅ የሚገቡበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ እዚያ የሚኖር ሰው ደዌው ብቻ ስሙ ሆኖ አይቀርም ነበር።

ለመነኮሳቱ የሠራው ሥርዓትም ከዚህ ጋራ ይስማማል። ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት እንዲቀበሉ፥ የማኅበሩም ሁሉ የጋራ ልጆች ሆነው እንዲያድጉ አዘዘ። ወላጆቻቸው የሚያመጧቸውን ግን ብዙ ምስክር ባለበት እንጂ በስውር እንዳይቀበሉ ከለከለ። ለሕፃናቱ የተለየ ቤትና ማዕድ ይሆንላቸዋል፤ ጸሎቱ ግን ከትልልቆቹ ጋራ አንድ ነው። የእጅ ሥራ የሚማር ልጅ ቀኑን ከመምህሩ ጋራ ውሎ ሌሊቱን ከእኩዮቹ ጋራ ያድራል። የአንዱ መነኵሴ ወላጆች በሃይማኖትና በምግባር የሚኖሩ ቢሆኑ፥ የሁሉም ወላጆች እንደ ሆኑ ተቈጥረው ማኅበሩ እንዲያስብላቸው ሠራ። ሕክምናንም እንደ እርሻ ሁሉ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ ነው ብሎ አስተማረ። የሥጋ ዝምድና በተቈረጠበት ስፍራ ሌላ ዝምድና ለማብቀል የታሰበበት ሥርዓት ነው።

ይህ ሥራ ያለ ጠላት አልቀረም። አንዳንድ ሰዎች ወደ አገረ ገዥው ሄደው ኤጲስ ቆጶሱ በሚሠራው ሕንጻ የመንግሥትን ጥቅም ይጐዳል ብለው ከሰሱት። ሕንጻው ለማን እንደሚሠራ የማያውቁ አልነበሩም። ባስልዮስም ለኤልያስ ባቀረበው መልስ፥ በእነዚህ ቤቶች የተጐዳ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ የከተማው ክብር የገዥው ክብር መሆኑንም አስረዳ። አለመቈጣቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ቢቈጣ ኖሮ ለድውያኑ የሚበጅ አልነበረም፤ እርሱም ይህን ያውቅ ነበር።

ከንጉሡ ጋራ የገጠመው ነገር በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ይበቃል። ንጉሥ ዋሌንስ የአርዮሳውያን ወገን ነበረ። ባለሥልጣኑ ሞዴስጦስ ባስልዮስን አስጠርቶ በመውረስ፥ በስደትና በሞት አስፈራራው፤ ባስልዮስ ግን ከጥቂት መጻሕፍትና ከአሮጌ ልብስ በቀር የሚወረስ ነገር እንደሌለው ነገረው። በ372 ዓ. ም. በጥምቀት በዓል ንጉሡ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብቶ የሕዝቡን መዝሙርና የኤጲስ ቆጶሱን አቋም ባየ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ እንደ ተናገረው፥ ንጉሡ በዚያ አገር ከነበሩት መሬቶቹ የተሻሉትን ባስልዮስ ለሚጠብቃቸው ነዳያን ሰጠ፤ ምክንያቱም ሰውነታቸው በደዌ ስለ ተጐዳ ከሌላው ይልቅ ጥበቃ ያስፈልጋቸው ነበር። በሃይማኖት ከሚቃወመው ንጉሥ መሬት መቀበል ቀላል ነገር አይደለም። ባስልዮስ ግን በእምነቱ አንዲት ቃል ሳይለውጥ መሬቱን ለድውያኑ ተቀበለ።

ሥራው በቂሣርያ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በየወረዳው ያሉ የገጠር ኤጲስ ቆጶሳት የነዳያን ቤቶችን ይጠብቁ ነበር። ባስልዮስ ለመንግሥት የግብር ጸሐፊዎች ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዳንዶቹ ስለ እነዚህ ቤቶች ናቸው፤ የድሆቹ ጥቂት ገንዘብ ከግብር ነጻ እንዲሆን፥ ጸሐፊውም ራሱ ሄዶ ቤቱን እንዲያየው ይለምናል። ስለ ሥላሴ የጻፈበት እጅ ስለ ግብር ሲለምን ማየት ለአንዳንዱ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ቤቱ ግን ያለ እርሱ ለዓመት አይቆምም ነበር።

ስለ ምጽዋት አሰጣጥም ጥብቅ ነበረ። ገንዘብ ያለው ሰው ራሱ በየመንገዱ ከሚበትን ይልቅ የድሆችን ችግር ለይቶ ለሚያውቅ አከፋፋይ ቢሰጥ እንደሚሻል ያስተምር ነበር፤ ይህንም ያስተማረው በዚያው በነዳያን ቤት እየተመላለሰ ነው። ለሚዞር ለማኝ ሁሉ የሚሰጠውን ሰው የነቀፈበት ቃል ጠንካራ፥ ምናልባትም ከሚገባው በላይ ጠንካራ ነው። ሆኖም የነቀፈው ለማኙን ከመንገድ የሚያነሣ ቤት ከሠራለት በኋላ ነው፤ ቤት ሳይሠራ የሚነቅፍ ከእርሱ ጋራ አይቈጠርም።

ይህን ሁሉ የሠራው ጤነኛ ሰው አይደለም። ደብዳቤዎቹ በሕመም ወሬ የተሞሉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከአልጋው መነሣት ያቅተው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ለሕክምና ወደ ፍል ውሃ ወረደ። ወዳጁ አምፊሎክዮስ ጣፋጭ ነገር በላከለት ጊዜ፥ ጥርሶቹ በዕድሜና በደዌ ስላለቁ ስጦታው እንደሚያላግጥበት አድርጎ በጨዋታ መለሰለት፤ ዕድሜው ግን ገና 50 አልሞላም ነበር። አንድ ባለሥልጣን አንዲትን መበለት ያለ ፈቃዷ ሊያጋባት ሲያሳድዳት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሽታ ነበርና፥ ባስልዮስ አሳልፎ አልሰጣትም። ባለሥልጣኑም ጉበቱን እንደሚያወጣው ሲዝትበት፥ ጉበቱ እጅግ ስለሚያሠቃየው ያ ነገር ሕክምና እንደሚሆንለት መለሰ። የቂሣርያ ሕዝብ ይህን በሰማ ጊዜ ከተማው ታወከ፤ የመንግሥት የጦር መሣሪያ መሥሪያና የሸማ መሥሪያ ሠራተኞች እሳትና ድንጋይ፥ በትርና ያገኙትን ሁሉ ይዘው፥ ሴቶቹም በሸማ መወርወሪያ ታጥቀው መጡ። ባለሥልጣኑን ከእጃቸው ያዳነው ያው የዛተበት ባስልዮስ ነው።

ስሕተት የሌለበት ሰው አልነበረም። በ372 ዓ. ም. የግዛት መከፈል በተነሣ ጊዜ ወገኑን ለማብዛት ሲል ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል፥ አቧራና የመንገደኛ ጩኸት በሞላባት ትንሽ የመንገድ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ጎርጎርዮስ ወዳጅነቱ እንደ መሣሪያ እንደ ተቈጠረበት አዝኖ፥ ኀዘኑን እስከ ሽምግልናው ይዞት ኖረ። ስለ አዲሲቱ ከተማ ከሁሉ የበለጠውን ምስክርነት የሰጠው ግን ይኸው የተቀየመው ወዳጅ ነው። ከባስልዮስ ሞት በኋላ ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር፥ ጥንታውያን ከሚደነቁባቸው ሕንጻዎች ሁሉ ይልቅ ከቂሣርያ ደጅ ጥቂት ወጥቶ የሚታየውን ይህን ስፍራ አስበለጠ፤ ከሞት በፊት የሞቱ፥ በአካላቸው የቀሩ ሰዎች በዐይናችን ፊት የሚወድቁበት አሰቃቂ ነገር መቅረቱንም ተናገረ።

ባስልዮስ ጥር 1 ቀን 379 ዓ. ም. ዐረፈ፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር ጥር 6 ቀን ይውላል። በሞት አልጋው ላይ ሳለ እጁን ጭኖ ከደቀ መዛሙርቱ አንዳንዶቹን ሾመ። በቀብሩ ቀን አደባባዩ፥ ሰገነቱና መንገዱ በሰው ሞላ፤ አልጋውን ወይም የልብሱን ጫፍ ለመንካት ከነበረው ግፊያ የተነሣ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ክርስቲያኖች ብቻ ሳይሆኑ አይሁድና አረማውያንም አለቀሱለት። በአባቶቹ መቃብር ተቀበረ። እኅቱ መቅሪናም ብዙ ሳትቈይ፥ ከረኃብ መንገድ ባነሣቻቸው ደናግል መካከል ዐረፈች።

ቤቱ ከሠሪው በኋላ ቆየ። በአምስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሶዞሜኖስ፥ ባስልያስ ስመ ጥር የነዳያን ማደሪያ መሆኑንና ስሙንም ከባስልዮስ ማግኘቱን ይመሰክራል፤ ፕራፒድዮስ የሚባል የብዙ መንደሮች ኤጲስ ቆጶስ የነበረ ሽማግሌ ያስተዳድረው እንደ ነበረም ጽፏል። የጥንቲቱ ቂሣርያ በኮረብታው ጥግ ፈራርሳ ቀርታለች። ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከኤርጅየስ ተራራ ሥር፥ በሜዳው ላይ ያለችው የዛሬይቱ ካይሰሪ ከተማ ግን ያደገችው ባስልዮስ ለለምጻሞቹ ከሠራው ሰፈር ዙሪያ እንደ ሆነ ከሊቃውንት ብዙዎች ያስባሉ።